በኪራይ መሬት ላይ የቆመች ወደብ

እንግሊዝ በደቡብ ቻይና የባሕር ጠረፍ የነበራት ይዞታ የተገኘው በሦስት ውሎች ነው። በ1842 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሆንግ ኮንግ ደሴት፣ በ1860 ደግሞ የካውሉን ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ጫፍ በጦር ኃይል ተገዳ ከቻይና ለዘለዓለም ተሰጣት። ሦስተኛው ውል ግን የኪራይ ውል ነበር። በ1898 ጀርመን ኪያውቾውን፣ ሩሲያም ፖርት አርተርን በኪራይ ስም ሲይዙ፣ እንግሊዝም ወደቧን ከመድፍ ለመጠበቅ በሚል ምክንያት ከካውሉን በስተ ሰሜን እስከ ሼንዘን ወንዝ ያለውን ምድርና ከሁለት መቶ በላይ ደሴቶችን ጠየቀች። ጁን 9 ቀን ፔኪንግ ላይ የተፈረመው ይህ ውል ከጁላይ 1 ቀን 1898 ጀምሮ ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር። የኪራይ ዋጋ አልተቆረጠበትም፤ ስለ ዕድሳትም አንዳች አንቀጽ አልነበረውም። ለዚያ ዘመን ዲፕሎማት 99 ዓመት ከዘለዓለም ብዙም የራቀ አይመስልም ነበር። ይሁንና መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ በኤፕሪል 1899 ሊረከበው የመጣውን ጦር የየመንደሩ ገበሬዎች መሣሪያ አንሥተው ገጥመውታል።

ይህ የተከራየ ምድር ከቅኝ ግዛቱ ጠቅላላ ስፋት ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ነበር። ነገሩን ከዲፕሎማቱ ይልቅ መሐንዲሱ አስቀድሞ ሳያውቀው አልቀረም። ደሴቲቱ ዐለታማና ወንዝ አልባ በመሆኗ የሕዝቧ ቁጥር ሲጨምር የውኃ ግድቦቹ ወደ ኪራዩ መሬት ተሻገሩ። ሺንግ መን በ1937 ተጠናቀቀ። በ1963 በጸናው ድርቅ ለነዋሪው ውኃ ይለቀቅ የነበረው በየአራት ቀኑ ለአራት ሰዓት ብቻ ነበር። በ1968 የተፈጸመው የፕላቨር ኮቭ ሥራ ደግሞ የባሕር ሰርጥ ገድቦ፣ ጨዋማውን ውኃ አስወጥቶ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ያደረገ ነው። ይህም ስላልበቃ ከ1965 ጀምሮ ከቻይና ከዶንግጂያንግ ወንዝ ውኃ ይገዛ ነበር። የካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያና ከ1972 ወዲህ የኮንቴይነር መርከቦች የሚራገፉበት የክዋይ ቹንግ ወደብም ከኪራዩ ድንበር ወዲያ ነበሩ። በ1860 የተሰመረው ድንበር ራሱ የከተማ አውራ መንገድ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ በሕንፃ ተሞልቶ፣ ለተላላፊው መንገደኛ የማይታወቅ ሆነ።

ችግሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ተራ የመሬት አስተዳደር ጉዳይ ነበር። መንግሥት በኪራዩ ምድር ለግለሰቦች የሰጣቸው ይዞታዎች ሁሉ ከዋናው ውል ሦስት ቀን ቀድመው፣ ጁን 27 ቀን 1997 ያበቁ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ በረጅም ጊዜ የሚመለስ ብድር ለመስጠት ዋስትናው ሳሳ። በማርች 1979 ገዥው ሰር መሬ ማክልሆዝ ፔኪንግ ሄደው ጉዳዩን ሲያነሡ፣ ዴንግ ሲያዎፒንግ ባለሀብቶች ልባቸውን እንዲያሳርፉ ከመናገር በቀር ይዞታዎቹ ከ1997 እንዲያልፉ አልፈቀዱም።

በሴፕቴምበር 1982 ማርጋሬት ታቸር ፔኪንግ ላይ የቀደሙት ሁለት ውሎች የጸኑ ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። በወረቀት ደረጃ ክርክሩ መሠረት ነበረው። ነገር ግን ውኃው፣ አውሮፕላን ማረፊያውና ዋናው ወደብ የሌላቸው ደሴትና ጠባብ ባሕረ ገብ መሬት ብቻቸውን ምን ሊሆኑ ይችሉ ነበር? የሚገርመው፣ ቻይና ሦስቱንም ውሎች በግዴታ የተፈረሙ ናቸው በማለት ባትቀበልም፣ ግዛቱ የሚመለስበትን ቀን የወሰነው ያው የኪራይ ውል ነው። በዲሴምበር 19 ቀን 1984 በተፈረመው የጋራ መግለጫ መሠረት የተሰጠውም የተከራየውም በጁላይ 1 ቀን 1997 በአንድነት ተመለሰ።

የግለሰቦቹ ይዞታ በዚሁ ስምምነት እስከ ጁን 30 ቀን 2047 ተራዘመ። እንግሊዝ ለ99 ዓመት ያለ ክፍያ በያዘችው ምድር ላይ፣ ባለይዞታዎቹ በየዓመቱ ከንብረታቸው የኪራይ ግምት መቶኛ 3 እንዲከፍሉ ተደነገገ።