ቁር የደፉት ዳፍኒያዎች

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአውሮፓን ሐይቆች ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎችን ዳፍኒያ ግራ አጋብታቸው ነበር። ይህች ደቃቃ የውሃ እንስሳ በብርዱ ወራት ጭንቅላቷ ክብ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ የልጅ ልጆቿ ሹል የራስ ቁር ደፍተው ይገኛሉ፤ ብርዱ ሲመለስ ቁሩ ደግሞ ይጠፋል። መልኩ እጅግ ስለሚራራቅ ለአንዳንዶቹ ቅርጾች የተለያየ ስም እስከ መስጠት ተደርሶ ነበር።

ነገሩን አስደናቂ ያደረገው የዳፍኒያ አወላለድ ነው። እናቲቱ ለብዙ ትውልድ ያለ ወንድ ትራባለች፤ ሴት ልጆቿም የእሷኑ ውርስ እንዳለ ይዘው ይወለዳሉ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ኦስትቫልድ በ1902 ምክንያቱን ከውሃው ጋር አያያዘው፦ ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ቁሩም እንስሳዋ ቶሎ እንዳትሰምጥ ያግዛታል።

የላይፕሲጉ የእንስሳት ተመራማሪ ሪቻርድ ዎልተሬክ ግን በመላ ምት አልረካም። ከተለያዩ ሐይቆች ያመጣቸውን ዳፍኒያዎች ዘር በዘር ለይቶ አረባ፤ ለእያንዳንዱ ዘር አነስተኛ፣ መካከለኛና ብዙ ምግብ እየሰጠ የጭንቅላታቸውን ቁመት ለካ። ውጤቱን በመስመር ሲስለው እያንዳንዱ ዘር የራሱ ኩርባ ነበረው። የሚወረሰው አንድ ቁመት ሳይሆን ኩርባው በሙሉ ነው ሲል በ1909 አስታወቀ፤ ስሙንም «የምላሽ ሥርዓት» አለው።

ዎልተሬክ ይህን ያቀረበው የዴንማርኩን ቪልሄልም ዮሃንሰንን ለመሞገት ነበር። «ጂን» የሚለውን ቃል በዚያው ዓመት ያስተዋወቀው ዮሃንሰን ግን በ1911 በሰጠው መልስ ሐሳቡን አልጣለውም፤ የምላሽ ሥርዓት እኔ ውርስ ከምለው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው አለ። ከሁለቱም ክርክር ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ይኸው ሐሳብ ነው፤ ይገባዋልም፤ ውርስንና አካባቢን በአንድ ሥዕል ላይ አገናኝቷልና።

የቀረው ጥያቄ ቁሩ ለምን ይጠቅማል የሚለው ነበር። ፍንጩ በ1952 ከሌላ እንስሳ መጣ። ፈረንሳዊው ደ ቦሻን፣ ብራኪዮነስ የተባለችው ደቂቅ እንስሳ አስፕላንክና የተባለው አዳኟ ባለበት ውሃ ውስጥ ረጃጅም እሾህ ያላቸው ልጆች እንደምትወልድ አሳየ። አዳኙ ውሃው ላይ የሚተወው ኬሚካል ብቻውን ይበቃል። በዳፍኒያም ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ የአዳኝን ሽታ የያዘ ውሃ ቁሩን ያስረዝመዋል። በ1999 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ፦ አዳኙን በውሃው ውስጥ ያወቁ እናቶች፣ ካላወቁት እናቶች የበለጠ ትልቅ ቁር የደፉ ልጆች ወለዱ።