ከሐይቅ ወንጌል እስከ ማይክሮፊልም

በወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ነው። ከአራቱ ወንጌላት ሌላ የገዳሙን መጻሕፍት የሚዘረዝር ጽሑፍም ይዟል። አበው ያላቸውን ቆጥረው፣ ከሁሉ አብልጠው በሚያከብሩት መጽሐፍ ላይ መዘገቡት። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በወንጌል ላይ የሰፈረ ቃል እንደ ቃለ መሐላ ይጠበቃል፤ የጉልት ስጦታውም፣ የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝርም እዚያው ይጻፍ ነበር።

በቅርስ ጥበቃ የመጀመሪያው ሥራ ያለውን ማወቅ ነው። ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም።

አጠባበቁም ጥበብ ነበረው። ብራናው በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ ድጉስ ለብሶ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በማንገቻው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እንዲህ ሲሆን ከመሬት እርጥበትም፣ ከምስጥም፣ ከአይጥም ይርቃል። ይሁን እንጂ ቃጠሎንና ጦርነትን፣ ሥዕሉን ቆርጦ የሚሸጥን ሌባ ማኅደር አይመልሳቸውም።

ይህን ስጋት ለመቋቋም ከተሠሩት ሥራዎች ትልቁ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ማእከል የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ለማንሳት ተባበሩ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ በሙሉ ተጠብቀው የተገኙት በግእዝ ብቻ በመሆኑ፣ የውጭዎቹ ምሁራን ጥንታዊ ቅጂዎችን የሚፈልጉበት ብርቱ ምክንያት ነበራቸው። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን በደርግ ዘመንም ቀጠለ። በመጨረሻም ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። የሐይቁ ወንጌልም 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት ከእነዚህ አንዱ ሆነ።

ፊልም በራሱ ግን ቤተ መጻሕፍት አይሆንም። ጥቅልሉ ላይ ምን እንዳለ አንብቦ የሚናገር ሊቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን የሰጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ለሕክምናም ከአገር ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኮሌጅቪል ገብተው ፊልሙን ገጽ በገጽ ያነቡ ጀመር። የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት፣ ዘመኑን፣ ባለቤቱንና በኅዳጉ የተጻፈውን ማስታወሻ ሁሉ መዘገቡ። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩት ካታሎግ በእርሳቸው ብርታት 10 ቅጽ ደረሰ፤ 5,000 መጻሕፍትንም አካተተ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። የትኛውም የግእዝ ተመራማሪ ዛሬ የእርሳቸው ባለዕዳ ነው።

ሆኖም ቅጂ ሁሉን አይዘልቅም። ቁም ጸሐፊው በቀይ ቀለም ያደመቀው የእመቤታችን ስም በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ከሌላው ፊደል ጋር ይመሳሰላል። ብራናው የፍየል ይሁን የበግ፣ ጥራዙ ስንት ጊዜ እንደ ታደሰ፣ ድጉሱ በምን ማተሚያ እንደ ተጌጠ ከፊልም አይታወቅም። ቅጂው ሚኒሶታ ስላለ ዋናው ቢጠፋ ግድ የለም ማለት አባቶች በደም የጠበቁትን አደራ መብላት ነው።

የፊልሙ ሌላው ጥቅም ማስረጃነቱ ነው። ከዕቃ ቤት የተሰረቀ መጽሐፍ በጨረታ ቢወጣ፣ ሌባ የፋቀው የባለቤቱ ስም ፊልሙ ላይ ይነበባል። ያልተነሣ መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም።

በአገራችን ገና ያልተቆጠሩ፣ ያልተነሡ ብራናዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብርና ገዳም የመጻሕፍቱን ስም፣ የቅጠሉን ብዛትና የደረሰበትን ጉዳት ጽፎ አንዱን ዝርዝር በእጁ ያስቀር፤ ሌላውን ለሀገረ ስብከቱ፣ ሦስተኛውን ለወመዘክር ይስጥ። ካህናቱ ይመዝግቡ፣ ባለሙያው ያግዝ፣ መንግሥትም በጀት ይመድብ። መጽሐፉም ከባለአደራዎቹ እጅ ሳይወጣ እዚያው ባለበት ይነሣ። ለዚህ የሚበቃ ካሜራ ዛሬ በየከተማው አለ። የቀረው ሥራውን እንደ ግዴታ ቆጥሮ መጀመር ነው።