“ቼ በለው”፦ በጭንቅ ዘመን የተሠራው ሸክላ

እ.ኤ.አ. በ1977 መተማ የጦር ሜዳ ነበረች። ከሱዳን የተነሣው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ ሕዝቡ “ኢዲዩ” እያለ የሚጠራው፣ በራስ መንገሻ ሥዩምና በጄኔራል ነጋ ተገኝ መሪነት መተማንና ሁመራን ይዞ ወደ ደጋው ይገፋ ነበር። ደርግም ገበሬውን ሚሊሺያ አድርጎ አዘመተና ክረምቱ ሲገባ ከተሞቹን መልሶ ያዘ። ሰሊጥና ጥጥ የሚያበቅለው ያ ሰፊ ቆላ የሁለት ጠበንጃ መካከል ሆነ። ሕይወቱን ማትረፍ የቻለው ድንበሩን አልፎ ገዳሪፍ ገባ።

አዲስ አበባም አልቀለላትም። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገድለው ሥልጣኑ ጠቅልሎ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ገባ። ሚያዝያ 9 ቀን ደግሞ አዲሱ ሊቀ መንበር መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እያነሣ ከሰከሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቤቱ ያለ እናት ታውቀዋለች።

የዋልያስ ባንድ “ቼ በለው” የተባለውን ሸክላ ያወጣው በዚሁ እ.ኤ.አ. 1977 ነው። በዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ከመጀመሪያው ረድፍ የሚቆም አልበም ነው እላለሁ። ሲወራለት ግን አብዛኛውን ጊዜ “የወርቃማው ዘመን” ትዝታ ተብሎ ይታለፋል። ያ ዘመን ለሰሚው ወርቅ ይሁን እንጂ ለሠሪዎቹ እሳት ነበር፤ ይህንን ሳያስቡ አልበሙን መስማት ግማሹን መስማት ነው።

ዋልያስ ስሙን የወሰደው ከእኛው ከጎንደር ተራሮች ነው፤ ከሰሜን ገደሎች በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት ከሌለው እንስሳ። በንጉሡ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ንብረት ነበሩ። ዋልያስ ግን ራሱን ችሎ የቆመ የግል ባንድ ነው። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ተወላጅ፣ በልጅነቱ ጦር ሠራዊት ገብቶ ሙዚቃ የተማረ፣ በአኮርዲዮን የጀመረ ሰው። ሞገስ ሀብቴ ቴነር ሳክስፎንና ዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጎ ድራም ይጫወታሉ። ፒያኖው ላይ ግርማ በየነ ነበር፤ የስንቱን ዘፋኝ ዜማ ያቀናበረ፣ ራሱም ድምፀ መልካም። ለዚህ ቅጂ ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን ይዞ ተቀላቀላቸው። ሙላቱ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የተመለሰ፣ ኢትዮ ጃዝን የወለደ ባለሙያ ነው።

ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊው ሲደርስ በር ይዘጋል፤ የገባው እዚያው ያድራል፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ ሕዝብን በእግሩ ማቆም ያለበት ባንድ አንድ ሐረግ ደጋግሞ፣ ቀስ አድርጎ እያወፈረ፣ ሳይሰለች መሄድን ይማራል። የአልበሙን ጡንቻ የሠራው ይህ ይመስለኛል። ቤዙ አንድ መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ኦርጋኑ ከሥሩ ይንተከተካል፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ አንድ ላይ ሆነው ዜማውን ይሸከማሉ። ማንም ማንንም ለመብለጥ አይሮጥም።

ሸክላውን ያሳተመው ዓሊ አብደላ ኬይፋ፣ አዲስ አበባ “ዓሊ ታንጎ” የሚለው ሙዚቃ አሳታሚ ነው። ከእርሱ በፊት በግል ሸክላ የማሳተምን በር የከፈተው አምሃ እሸቴ ለውጡ ከመጣ በኋላ አገር ለቋል። ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ቅጂው ውጭ ተልኮ ታትሞ ነው የሚመለሰው። የቀረጻው ሁኔታም ቢሆን ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው አብረው የሚጫወቱበት፣ የተሳሳተ ከመጀመሪያው የሚጀምርበት ዘመን ነበር።

የዋልያስን ሥራና ዕድል ከአንድ የውጭ ባንድ ጋር ላነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1976 የአየርላንዱ ባንድ ቲን ሊዚ “ጄይልብሬክ” የተባለ የሮክ አልበም አወጣ። ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን አንድ ዜማ የሚያወጡበት አልበም ነው። የባንዱ ስም ቀድሞ የተነሣው አንድ የቆየ የአይሪሽ ሕዝብ ዘፈን ወስደው በኤሌክትሪክ ጊታር በመጫወታቸው ነው። ዋልያስም “ሎሚ ተራ ተራ”ን የመሰለ አገር የሚያውቀውን ዜማ ነው በኦርጋንና በቤዝ የሠራው። ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ዕድላቸው ግን ተለያየ። የአየርላንዶቹ አልበም በወጣ በወራት ውስጥ አሜሪካ ገባ፤ የእኛው ከአገር ወጥቶ ለመሰማት ብዙ ዓመታት ጠበቀ።

በአልበሙ ውስጥ ከሁሉ የገነነው “ሙዚቃዊ ስልት” ነው፤ የግርማ በየነ ድርሰት። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ግጥም የለውም። ልብ ልንለው የሚገባው ይህን ነው። በዚያ ዓመት ግጥም አደገኛ ነገር ነበር፤ ዘፈን ሳንሱር ሳያልፍ አይወጣም፤ ከሚለው ይልቅ የማይለው ይመረመራል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን ምን ተብሎ ይሰረዛል? ስምንት ሰዎች ያለ አንዲት ሐረግ ግጥም የዘመኑን ጭንቀትም ድፍረትም መዝግበው አስቀመጡልን። የአልበሙ ርእስ ፈረሰኛ ሲዘምት የሚጮኸው ጩኸት ነው፤ ፉከራና ሽለላ ሰምቶ ያደገ የቋራና የመተማ ሰው ገና ከስሙ ደሙ ይሞቃል። ዘመኑን ለመረዳት የደርግን መግለጫዎች ከማንበብ ይህን ሸክላ አንድ ጊዜ መስማት የተሻለ ይመስለኛል።

ብዙም ሳይቆይ ሸክላ ቀረና ካሴት ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ተጓዘ። ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ እዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ተመለሱ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ጀመር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን የቀረጸው “ሸሞንሟናዬ” በካሴት ተሸጦ ተረሳ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁላችንንም ሊያስቆጭ ይገባል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካን አሮጌ ካሴት ሲያስስ ባሕር ዳር ላይ ያችን የኃይሉን ካሴት አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ አስፈቅዶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተማት፤ በዓመቱ “ቼ በለው”ን ደገመ። ታክሲ ነጂው ሽማግሌ ከሰባ ዓመት አፋፍ ላይ ሳለ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 “ላላ በሉ”ን አወጣ። “ሙዚቃዊ ስልት”ንም የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ቀድሞ ተጫውቶት ነበር። ጣና ዳር በአንድ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠውን ሀብት ያወቀልን ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ እንግዳ ነው።

ይህ ለመተማ ሰው ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። መተማ እኮ ሙዚቃ የሚያልፍባት በር ናት። የእኛም የሱዳንም ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ለመውደድ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ዘፋኛችን ጥላሁን ገሠሠ ሱዳን ውስጥ፣ ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ዋርዲ እዚህ ቤተኛ የሆኑት ለዚህ ነው። በደርግ ዘመን ስደተኛው በዚህ መንገድ ወደ ገዳሪፍ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነት ያፈናቀለው ሱዳናዊ በዚያው መንገድ ወደ መተማ መጥቶ ኩመርና አውላላ ላይ ተጠለለ። ስደተኛ ከቤቱ ሲወጣ ዕቃውን ሁሉ አይዝም፤ ዘፈኑን ግን ትቶት አይሄድም።

ስለዚህ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በሸንፋና በቋራ ለምትኖሩ አንባቢዎች ልመና አለኝ። በሣጥን ሥር፣ በቆርቆሮ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በአባት ቤት ጓዳ የተቀመጡ ካሴቶችና ሸክላዎች አሉ። የቆላው ሙቀትና አቧራ የካሴትን ክር በየዓመቱ ይበላዋል። አትጣሉአቸው። ስማቸውንና ያገኛችሁበትን ቦታ ጻፉባቸው፤ በስልክም ቢሆን ድምፁን ገልብጡ፤ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩአቸው። ሌላ ሺምኮቪትዝ እስኪመጣ አትጠብቁ።