በካራማራ ግርጌ፦ የደጅ ውሻና የደጅ ጨዋታ
ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደው መንገድ የካራማራን በር አልፎ ከሰፊው ሜዳ በሚደርስበት አገር፣ ውሻ ከጥንት ጀምሮ የመንጋ ጠባቂ ሆኖ በደጅ ኖረ፤ የእስልምናው የሻፊዒ ሥርዓት ውሻ የላሰው ዕቃ 7 ጊዜ፣ ከነዚያም አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ ስለሚያዝ፣ ታማኙ እንስሳ ምግቡን የሚቀበለው ከውጭ ነው። ይህን እንደ ንቀት የሚቈጥር ይሳሳታል፤ ክርስቲያኑም ውሻውን ከቤተ መቅደስ ይከለክላል፣ ሌሊት ግን ንብረቱን ለእርሱ አደራ ሰጥቶ ይተኛል።

በዚያው ደጅ፣ ጥላ ሲረዝም፣ አባትና ልጅ 3 አራት ማዕዘኖችን አንዱን በሌላው ውስጥ በአሸዋ ላይ ሥለው፣ በ24ቱ መገናኛዎች እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር እየደረደሩ ሻሕ ይጫወታሉ፤ 3 ጠጠር በአንድ መስመር ያሰለፈ የባላጋራውን አንዱን ያነሣል፣ ዙሪያውን የቆመውም ጎረቤት ምክሩን አይነፍግም። የውድድር ተመልካችነት በዚህ አገር ከስታዲየም አስቀድሞ ከዚህ አሸዋ እንደ ተወለደ አምናለሁ።

የስታዲየሙም ተራ ደረሰ፦ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነሉቺያኖ ቫሳሎ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ቡድን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ዛሬ ወጣቱ ጨዋታውን በቀጥታ የሚያየው በቴሌቪዥን ነው፤ ውሻው ግን ዛሬም ከደጃፉ ላይ፣ አፍንጫውን በእግሮቹ መካከል አኑሮ፣ ባለቤቱ እስኪወጣ ይጠብቃል።