ፍጥነት የተገታበት ሐይቅ

እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1930 ሰር ሄንሪ ሴግሬቭ በእንግሊዙ ዊንደርሜር ሐይቅ ላይ በሰዓት 159 ኪሎ ሜትር ገደማ ከንፎ የዓለምን የውኃ ላይ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ቀን ጀልባው ተገልብጣ እሱና አብሮት የነበረ መሐንዲስ ሞቱ፤ ጀልባዋን የመታት ተንሳፋፊ ግንድ ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

በሐይቁ ላይ የፍጥነት ገደብ ይጣል አይጣል የሚለው የኋላ ክርክር የተጋጋለው ግን እንደ ሴግሬቭ ባሉ ጀግኖች ሳይሆን በተራው መዝናኛ ነው። ዋናተኛ፣ ቀዛፊና በሞተር ጀልባ እየተጎተተ የሚንሸራተት ጎረምሳ በአንድ ውኃ ላይ እንዴት ይስማሙ? የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ገደብ ይደረግ አለ፤ ነጋዴዎች ገበያችን ይሞታል ብለው ተሟገቱ። መንግሥት በ2000 ገደቡን ቢያጸድቅም የአምስት ዓመት ፋታ ሰጠ። ለነጋዴው ይህ ፋታ ተገቢ ነበር።

ከ2005 ጀምሮ በዊንደርሜር ከ18.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው። በዊንደርሜር ይካሄድ የነበረው ዓመታዊው የጀልባ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሳምንትም ወደ ኮኒስተን ሐይቅ ተዛወረ፤ ሌላው ክብረ ወሰን ሰባሪ ዶናልድ ካምቤል በ1967 የሞተበት ሐይቅ መሆኑ ነው።