ሰይፍ ያልታጠቁት የጣና ጦረኞች



ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጣና ዳር ቡና ጋበዘችኝና ደብተር አወጣች። ኮሚክ እየሣለች ነው። ሰባት ሴቶች ሰይፍ ታጥቀው፣ በታንኳ እየቀዘፉ ጭራቅ ያሳድዳሉ። እጇ ጎበዝ ነው። ግን የሴቶቹ ልብስም መልክም ከፈረንጅ ፊልም የተቀዳ ነው። «ቲቸር፣ ከየት ላምጣቸው?» አለችኝ። በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) መቀሌ ላይ የጣሊያኖቹን ውኃ ያስያዙትን እቴጌ ጣይቱን ታውቃለች። ጥያቄዋ «ከዚህ ከሐይቃችንስ?» ነው።

እኔም ወደ ቋራጣ አቅጣጫ አሳየኋት። ወለተ ጴጥሮስ!

በ1592 ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከአፄ ሱስንዮስ የጦር መሪዎች አንዱ ነበር። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ በኢየሱሳውያን ስብከት ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል እሷ ከቤቷ ጠፍታ ወጣች። ባል ወታደር ይዞ ተከተላት፤ የተሸሸገችበትን አገር አስዘረፈ። እሷም ሰው በእኔ ምክንያት አይጎዳ ብላ ተመለሰች።

በ1617 አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ የጳጳሱን ልብስ ይዞ መመለሱን ስታውቅ ግን አብራው መኖር አልቻለችም። ጥላው ሄደች፣ መነኮሰች። እንደ እሷው ትዳሯንና ልጇን ትታ የመጣች እኅተ ክርስቶስ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ሆነች። ወለተ ጴጥሮስ በአደባባይ ስላስተማረች ንጉሡ ፊት ቀረበች፤ በኋላም ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ ሦስት ዓመት ተጋዘች። ያሰቡት ብቻዋን እንድትቀር ነበር። ሰው ግን እዚያው ድረስ ሄዶ ተሰበሰበባት!

በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። እሷ ሴትም ወንድም ያሉባቸውን ሰባት ማኅበራት መሥርታ (ዘጌ አንዱ ነው) በ1642 ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስም እስከ 1649 ማኅበሩን መራች።

ተማሪዬ ዝም ብላ ሰማችኝና «ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ግን ሰይፍ ካልያዘች ማን ያነባታል?» አለች።

እውነት ለመናገር ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ሂሳብ ከፍለን ልንነሳ ስንል ነው ያ የተዘረፈው አገር ትዝ ያለኝ። «እስኪ ያንን ገጽ ሣይው» አልኳት። ከኋላዋ ማምለጫ መንገድ፣ ከፊቷ በእሷ ሰበብ የሚዘረፍ ሰው። ትሂድ ወይስ ትመለስ? እዚህ ጋ ገጹን ሳይገልጥ የሚተኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ሁለት ነገር ጨመርኩላት። አንደኛ፣ ጭራቁን ካቶሊክ እንዳታደርጊው። በዚያ ዘመን ደም ከሁለቱም ወገን ፈሷል፤ ከ1632 በኋላ በተራቸው የተሰደዱና የተገደሉ ካቶሊኮች አሉ። ሁለተኛ፣ ኮሚክ የሰው አገር ዕቃ ነው ብለሽ አትፈሪ። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 የሚያውቋትን ሰዎች ጠይቆ ገድሏን በግእዝ ጻፈ፤ ከብራና ቅጂዎቹም ሥዕል ያላቸው አሉ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብትገቢ ደግሞ ግድግዳው ሙሉ ታሪክ በሥዕል ተደርድሮ ታገኚያለሽ። በእኛ ዘመንም የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» እና «ሃዊ» መንገዱን ጀምረውታል።

ትናንት ማታ በቴሌግራም አንድ ሥዕል ላከችልኝ። ሌሊት ነው። ታንኳ ላይ ሁለት መነኮሳት ተቀምጠዋል፤ አንዷ ትቀዝፋለች፣ አንዷ ወደ ኋላ ዞራ ታያለች። ሰይፍ የለም። ከሥሩ «ቲቸር፣ አምስቱን ሴቶች ገና እየፈለግኳቸው ነው» ብላ ጽፋለች።

እስኪ እናግዛት። በየሰፈራችሁ ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት «እምቢ» ያለች ሴት ታሪክ ካለ ከታች ጻፉላት።

መልካም ሰንበት!