በዘረመል ጠቋሚ የታገዘ መረጣ

ኦቾሎኒ ለሁለት ሲከፈል ጫፉ ላይ ትንሽ ቡቃያ ትታያለች። ተመራማሪዎች ከቡቃያዋ በተቃራኒ በኩል ከፍሬው ስስ ቁራጭ ወስደው ዲኤንኤውን ይመረምራሉ፤ የቀረውን ፍሬ ይዘሩታል፣ ይበቅላልም። የሚፈልጉትን ጠባይ መያዙን ግን ገና ከመሬት ሳይወጣ አውቀውታል። አሠራሩ በእንግሊዝኛ ማርከር አሲስትድ ሰሌክሽን ይባላል፤ በአማርኛ «በዘረመል ጠቋሚ የታገዘ መረጣ» ማለት ይቻላል።

ጠቋሚው በሚፈለገው ጂን ውስጥ ወይም አጠገቡ ያለ፣ በላቦራቶሪ በቀላሉ የሚለይ የዲኤንኤ ልዩነት ነው። ተቀራርበው ያሉ የዲኤንኤ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወረሳሉና ጠቋሚው ካለ ጂኑም አለ ተብሎ ይወሰዳል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚወጣው ጠባዩ በሚደበቅበት ጊዜ ነው። ኦሌይክ አሲድ የበዛበት ኦቾሎኒ ዘይቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ተቆልቶም ጣዕሙ ይቆያል። ይህ የሚሆነው ሁለት ጂኖች ሥራቸውን ሲያቆሙ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ግን ጠባዩ በሙሉ አይገለጥም። ድቅሉ ሲታይ ተራ ኦቾሎኒ ስለሚመስል አዳቃዩ እውነቱን ለማወቅ እንደገና ዘርቶ የልጆቹን ዘይት ማስመርመር ነበረበት። በየዙሩ አንድ የዘር ወቅት ይባክን ነበር ማለት ነው።

ጠቋሚው ይህን ብክነት ያስቀራል፤ በአሜሪካ ጆርጂያም ተሞክሯል። ቲፍጋርድ የተባለው ዝርያ ሥር የሚያሳብጠውን፣ ነማቶድ የተባለውን ጥቃቅን ትል የሚቋቋመው ከደቡብ አሜሪካ የዱር ኦቾሎኒ በተገኘ ጂን ነው። ተመራማሪዎቹ ኦሌይክ አሲድ የበዛበትን ዝርያ ከቲፍጋርድ ጋር ካዳቀሉ በኋላ፣ በጠቋሚ እየመረጡ ድቅሉን ሦስት ጊዜ ከቲፍጋርድ ጋር መልሰው አዳቀሉት። የማዳቀሉና የመምረጡ ሥራ ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ አለቀ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ፦ ይህ ልውጠ ሕያው አይደለም። በላቦራቶሪ ከውጭ የሚከተት ጂን የለም፤ ያው የጥንቱ ማዳቀል ነው፤ ምርጫው ብቻ በዲኤንኤ ይመራል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውራት ገበሬውንም ሸማቹንም ያሳስታል።

ለኦቾሎኒ ጠቋሚ መፈለግ ቀላል አልነበረም። የምንበላው ኦቾሎኒ ከሁለት የዱር ዘመዶች ጥምረት የተገኘ በመሆኑ 40 ክሮሞሶም አለው፤ ከሁለቱ ወገን የመጡት ጂኖችም እጅግ ይመሳሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለቱ የዱር ዘመዶች፣ በ2019 ደግሞ የራሱ ሙሉ የዘረመል ንባብ ታትሞ ፍለጋው ቀለለ።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የባቢሌን ኦቾሎኒ አምራች ይበልጥ የሚያሳስበው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። መርዙን የሚያመነጨውን ሻጋታ የመቋቋም ጠባይ ግን በብዙ ጂኖች የተበታተነ ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ሲሆን ድርቅና ሙቀትም ይለዋውጡታል። በአንድ ጠቋሚ አይያዝም። ስለዚህ ፍሬውን ቶሎና በደንብ ማድረቅ፣ የተበሳውንና የሻገተውን መልቀም፣ እርጥበት በማይደርስበት ማስቀመጥ ዛሬም የገበሬው ዋና መከላከያ ነው።